ለዋግ ዳገት የሚስማማ ሞተር

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚነዱ አውቶሞቢሎች ከውጭ ሀገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በየሻይ ቤቱም በየጋራዡም ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የሚነሣው ወሬ ሁሉ በሁለት ጥያቄዎች ዙሪያ ሲመላለስ እንሰማለን፤ አንደኛው፣ ባትሪው አንድ ጊዜ ከሞላ ስንት ኪሎ ሜትር ያስኬዳል የሚል ነው፤ ሁለተኛውም፣ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ይሮጣል የሚል ነው። ሁለቱም የሚናቁ ጥያቄዎች አይደሉም፤ ነገር ግን ከኮረም ተነሥቶ እየተጠማዘዘ ሰቆጣ የሚደርሰውን መንገድ የሚያውቅ፣ ከሰቆጣም ወደ ዝቋላና ወደ አበርገሌ ቆላ ቁልቁል ወርዶ ተከዜን ያየ ሰው፣ ከሁለቱ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ሦስተኛ ጥያቄ እንዳለ አይጠፋውም፤ ይኸውም፣ ይህ ሞተር ለየትኛው መንገድ፣ ለምን ያህል ጭነትና ለየትኛው አየር ተመርጦ ተሠራ የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ ጠይቆ መልሱንም በገዛ እጁ መርምሮ የሚያገኝ ወጣት በዋግ ኽምራ እንዲበዛ እሻለሁ፤ መሻቱም ከንቱ ምኞት ሆኖ እንዳይቀር፣ ለዚህ ትምህርት ከሁሉ ይልቅ ወጪው ያነሰ፣ ሐሰትም የማያውቅ መምህር የምለውን በዚህ ጽሑፍ ለአንባቢ ላመለክት ወደድሁ። መምህሩም፣ ብዙ ሰው የልጅ መጫወቻ ነው ብሎ የሚያልፈው፣ በሪሞት የሚነዳው ትንሹ የእሽቅድምድም መኪና ነው።

በሌላው ዓለም ይህ እሽቅድምድም የቆየ ሥርዓትና የተጻፈ ሕግ ያለው ውድድር ነው። የጃፓኑ ታሚያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1976 የፖርሽ 934ን አምሳያ በኤሌክትሪክ ሞተር እንዲሄድ አድርጎ ለገበያ ካቀረበ በኋላ ነገሩ ከጃፓን ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ተስፋፍቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 በካሊፎርኒያ በዴል ማር ከተማ በአፈር ሜዳ ላይ የሚሮጡ፣ ከእውነተኛው መኪና አንድ አሥረኛ የሚያህሉ የኤሌክትሪክ መኪናዎች የመጀመሪያ የዓለም ሻምፒዮና ተደረገ፤ ከዚያም ወዲህ ጃፓናዊው ማሳሚ ሂሮሳካ በልዩ ልዩ ክፍል 14 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን እስኪባል ድረስ ብዙ ሊቃውንት ተነሥተውበታል። ሊቃውንት ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በብዙዎቹ የውድድር ክፍሎች ሕጉ ሁሉም ተወዳዳሪ የሽቦው ዙር እኩል የሆነ ሞተርና ቮልቴጁ እኩል የሆነ ባትሪ እንዲይዝ ያስገድዳል፤ እንግዲህ ኃይል በገንዘብ እንዳይገዛ በሩ ከተዘጋ፣ አንዱ ሌላውን የሚቀድመው ያንኑ አንድ ዓይነት ሞተር ለሜዳው፣ ለጎማው፣ ለአየሩ ሙቀትና ለመኪናው ክብደት አስማምቶ በማዘጋጀት ብቻ ይሆናል። ውድድሩ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም፤ ለእነዚያ ደቂቃዎች ሲባል ግን ተወዳዳሪው ሲያሰላ፣ ሲፈታና ሲያጠብቅ ይውላል።

ሞተሩ በመዳፍ የሚያዝ ነው። ውፍረቱ 36 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱም ከ50 ሚሊ ሜትር ብዙ የማይርቅ ክብ ቆርቆሮ ሲሆን፣ በካቻቢቴ ሦስት ብሎን ፈትቶ የውስጡን ምሥጢር ማየት ይቻላል። በቀድሞው ዓይነት ሽቦ የተጠቀለለበት ብረት በመካከል ይዞራል፣ ማግኔቶቹ በዙሪያው ተጣብቀው ይቆማሉ፣ ኤሌክትሪኩንም ወደሚዞረው ሽቦ የሚያደርሱት ሁለት ካርቦኖች እየተፋተጉ ያልቃሉ፤ የወፍጮም ሆነ የመኪና ዲናሞ የሚሠራ መካኒክ ይህን ሳይነግሩት ያውቀዋል። በአዲሱ ዓይነት ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ፣ ማግኔቱ በመካከል በሁለት ኩሽኔታ ላይ ይዞራል፣ ሽቦው በዙሪያው ይቆማል፤ ካርቦን የሚባል የለም፤ በካርቦኑ ፈንታ፣ ማግኔቱ የት እንደ ደረሰ የሚጠቁሙ ሦስት ትናንሽ ሰንሰሮች ለኮንትሮለሩ ምልክት እየሰጡ፣ ኮንትሮለሩም ኤሌክትሪኩን ከአንዱ የሽቦ ጥቅል ወደ ሌላው በተራ ያቀብላል። ይኸው አሠራር፣ መጠኑ ይደግ እንጂ፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ጎዳና ድምፅ ሳያሰማ በሚያልፈው የኤሌክትሪክ አውቶሞቢልና በየከተማው በሚታየው ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ውስጥ ያለው ነው፤ ስለዚህ የትንሹን ሞተር ባሕርይ ያወቀ ወጣት የትልቁንም መሠረት ይዟል ማለት ነው።

የምርጫው መጀመሪያ የሽቦው ዙር ነው። በአንድ ዓይነት ቆርቆሮ ውስጥ የሽቦው ዙር ባነሰ መጠን ሞተሩ በአንድ ቮልት የሚዞረው ዙር ይበዛል፤ ነገር ግን በአንድ አምፔር የሚሰጠው የመጠምዘዝ ጉልበት በዚያው ልክ ያንሳል። ከዚህ ሕግ የሚያመልጥ ሞተር እስከ ዛሬ አልተሠራም። በአንድ ቮልት በደቂቃ 2,200 ጊዜ ያህል የሚዞረውና በተወዳዳሪዎች ዘንድ በሽቦው ዙር ቁጥር 17.5 ተብሎ የሚታወቀው ሞተር፣ በአንድ ቮልት ወደ 3,000 ጊዜ ከሚዞረው 13.5 ይልቅ በእያንዳንዱ አምፔር የሚሰጠው ጉልበት ይበልጣል፤ ፍጥነቱ ግን ያንሳል። ጀማሪ ሁልጊዜ ፈጣኑን ይመርጣል፤ ፈጣኑም ሞተር ባልተመጠነለት ማርሽ ተጨንቆ እየጋለ ባትሪውን ያሟጥጥበታል። እንግዲህ ጥበቡ የሚጀምረው ከማርሹ ነው።

በድሮው ዘመን ከአፋር ሜዳ የወጣውን አሞሌ ጨው አጋሰስ ላይ ጭኖ ወደ ሰቆጣ ገበያ የሚያቀና ነጋዴ፣ በሜዳው ላይ እንስሳው ስንት ይሸከማል ብሎ ሳይሆን፣ የመጨረሻውን አቀበት ምን ያህል ይዞ ይወጣል ብሎ ጭነቱን ይመጥን እንደ ነበር፣ ማርሽም የሚመጠነው በመንገዱ ክፉ ቦታ ነው። ነገሩን በቁጥር ላሳይ። በሞተሩ ዘንግ ላይ ያለው ፒኞን 26 ጥርስ፣ እርሱ የሚያዞረው ትልቁ ማርሽ 78 ጥርስ ቢኖረው፣ ሞተሩ ሦስት ጊዜ ሲዞር ትልቁ ማርሽ አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ማስተላለፊያ ዳግመኛ በ1.9 ቢቀንሰው፣ ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ሞተሩ 5.7 ጊዜ መዞር ይኖርበታል። የጎማው ዲያሜትር 64 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ሞተሩ አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር መኪናው 35 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ፊት ይሄዳል። ያ 17.5 የተባለው ሞተር በ7.4 ቮልት ባትሪ ያለ ጭነት በደቂቃ 16,280 ዙር ስለሚዞር፣ መኪናው በሐሳብ ደረጃ በሰዓት ወደ 34 ኪሎ ሜትር ይሮጣል ማለት ነው።

አሁን ያው ተወዳዳሪ ፍጥነት ፈልጎ የፒኞኑን ጥርስ ከ26 ወደ 30 ከፍ ቢያደርገው፣ ፍጥነቱ በወረቀት ላይ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ነገር ግን ያንኑ ክብደት በዚያው መንገድ ለመጎተት ሞተሩ አሁን በ15 በመቶ የበለጠ አምፔር መጠጣት ግድ ይሆንበታል፤ በሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ በአምፔሩ ልክ ሳይሆን አምፔሩ በራሱ በተባዛ ልክ ስለሚጨምር፣ 15 በመቶ የነበረው ጭማሪ በሙቀት በኩል አንድ ሦስተኛ ሆኖ ይገኛል። በዚህም አያበቃም። የመዳብ ሽቦ በጋለ ቁጥር ኤሌክትሪክ የማሳለፍ ችሎታው እየደከመ ይሄዳል፤ ሙቀቱ በ60 ዲግሪ ሲጨምር የሽቦው መቋቋም ወደ አንድ አራተኛ ያህል ከፍ ስለሚል፣ ሙቀቱ ራሱ ሌላ ሙቀት ይወልዳል። አራት ጥርስ የሚያህል ጥቃቅን ነገር ይህን ሁሉ ሲያስከትል በዓይኑ ያየና በእጁ የዳሰሰ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ የፊዚክስ መምህሩ በሰሌዳ ላይ የጻፈለትን ቀመር ዳግመኛ የሚረሳው አይመስለኝም።

ከማርሹ ቀጥሎ የሚመጣው ተወዳዳሪዎች ታይሚንግ የሚሉት ነው። በሞተሩ ጀርባ ያለውን ክዳን የያዙትን ብሎኖች ጥቂት አላልቶ፣ ክዳኑን ከነሰንሰሮቹ በዲግሪ ምልክት በተሰመረው ጠርዝ ላይ ቀስ አድርጎ ማዞር ነው፤ በዚህ ጊዜ ኤሌክትሪኩ ወደ ሽቦው የሚደርስበት ሰዓት ከማግኔቱ ቦታ አንጻር ይቀደማል። በተቀደመ ቁጥር ሞተሩ በፍጥነት ይዞራል፣ ነገር ግን ዝቅ ባለው ዙር የነበረው ጉልበት ይቀንሳል፣ የሚጠጣውም አምፔር ይበዛል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው ታይሚንግ ከጨመረ በኋላ ፒኞኑን አንድ ጥርስ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ሁለቱን በአንድ ጊዜ አይለውጥም፤ አንዱን ለውጦ፣ መኪናውን ነድቶ፣ መኪናው እንደ ቆመ ሙቀቱን በመለኪያ ይለካል፣ ቁጥሩንም በደብተር ይጽፋል። የተለመዱት ጠንካራ ማግኔቶች ከ80 ዲግሪ ሴልሲየስ በላይ ሲግሉ ኃይላቸውን መልሰው ወደማያገኙበት ድካም ሊወድቁ ስለሚችሉ፣ ጥንቁቅ ተወዳዳሪ ከዚህ ልክ በታች መቆየትን ሕጉ ያደርገዋል። እኔ በዚህ ውድድር ውስጥ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ደብተር ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ፣ ለክቶ፣ ጽፎ፣ እንደገና መሞከር የሳይንስ ሥርዓት ሁሉ መሠረት ሆኖ ሳለ፣ በትምህርት ቤቶቻችን በቃል እየተነገረ በእጅ የማይሠራ ነውና።

ይህን ሁሉ ስለ ትንሹ መኪና የምተርከው ስለ ትልቁ አስቤ ነው። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,266 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ነዳጅ የሚያነድ ተራ ሞተር የሚተነፍሰው አየር ስለሚያንሰው ጉልበቱ በዚሁ ልክ ይቀንሳል፤ ከኮረም በጭነት የመጣ የድሮ መኪና ሹፌር ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል። ኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማይተነፍስ ጉልበቱ በከፍታ ምክንያት አይቀንስም፤ ይህ ለዋግ ሰው ታላቅ የምሥራች ነው። ሆኖም የሚቀዘቅዘው በአየር ከሆነ፣ የሳሳ አየር ሙቀቱን እንደሚገባ አያነሣለትም። ከዚህም የተነሣ የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን ደንብ፣ በሞተር ላይ የሚለጠፈው የኃይል ቁጥር፣ ሌላ ነገር ካልተጻፈ በቀር፣ ከ1,000 ሜትር ላልበለጠ ከፍታና ከ40 ዲግሪ ላልበለጠ የአየር ሙቀት መሆኑን ወስኗል። ሰቆጣ የመጀመሪያውን ወሰን ከእጥፍ በላይ ታልፈዋለች፤ የደጋው ብርድ የሳሳውን አየር ጉድለት በከፊል ይክሰዋል፤ ወደ ተከዜ ዳር ሲወርዱ ደግሞ ከፍታው ወደ ወሰኑ ይጠጋል፣ በበጋ ግን ሙቀቱ ወደ ሁለተኛው ወሰን ይቀርባል። በአንድ ቀን መንገድ ሁለቱን የሚያይ ተሽከርካሪ ሞተር፣ ለሁለቱም ታስቦ የተመረጠ መሆን ይገባዋል።

የዳገቱን ነገር ደግሞ እንመልከት። አንድ ባለ ሦስት እግር የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ከነሰዎቹና ከነጭነቱ 700 ኪሎ ቢመዝን፣ በየመቶ ሜትሩ አሥር ሜትር በሚወጣ አቀበት ላይ፣ የጎማውንና የመንገዱን መጎተት ጨምረን ብናሰላው፣ ወደ ኋላ የሚስበው ኃይል 820 ኒውተን ያህል ይሆናል። ይህን ተሸክሞ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ጎማው ላይ የሚደርስ 4.6 ኪሎ ዋት ያስፈልጋል። ሞተሩ ያለማቋረጥ መስጠት የሚችለው 1.5 ኪሎ ዋት ከሆነ፣ ያንን አቀበት ራሱን ሳያቃጥል የሚወጣው በሰዓት ከሰባት ኪሎ ሜትር ባነሰ ፍጥነት ነው፤ ለዚህም ማርሹ በእርግጥ ለእንዲህ ያለ ዝግታ የተሠራ ሊሆን ይገባል። በሜዳ ላይ 45 ኪሎ ሜትር እንዲሮጥ ብቻ ማርሹ የተመጠነለት ሞተር ግን፣ በዚህ አቀበት ላይ ሲደርስ ከተለመደው ዙሩ እጅግ ወርዶ፣ እየተንቀጠቀጠ ከልክ ያለፈ አምፔር ይጠጣል፤ የሚጠጣውም አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ሻጩ ከፍተኛውን ፍጥነት በትልቅ ፊደል ጽፎ፣ ያለማቋረጥ የሚሰጠውን ኃይልና የማርሹን ልክ ሳይጽፍ የሚሸጠው ዕቃ፣ ለዋግ ገዢ የተሟላ ዕውቀት የሰጠ አይደለም።

ቁልቁለቱም የራሱ ትምህርት አለው። ከሰቆጣ ወደ ተከዜ ሐይቅ ዳርቻ የሚወርድ ሰው ከሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና ሺህ ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው፤ ኤሌክትሪክ ሞተር በቁልቁለት ጊዜ ወደ ዲናሞነት ተለውጦ ከዚህ ውስጥ ሁሉን ባይሆንም በከፊል ወደ ባትሪው ሊመልሰው ይችላል። ነገር ግን በተራራው አናት ላይ ባትሪውን ጥግ ድረስ ሞልቶ የሚነሣ ሹፌር፣ ባትሪው የሚመለሰውን ኃይል የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለው፣ ያ ሁሉ ወደ ፍሬኑ ይሄዳል። ስለዚህ ለቁልቁለት የሚነሣ መኪና ባትሪው ጥቂት ጎደል ማለት አለበት። ይህን ከሜዳ አገር የመጣ የአጠቃቀም መጽሐፍ እንደሚገባ አያብራራም፤ የዋግ መካኒክ ግን ሊያውቀውና ለሹፌሩ ሊነግረው ይገባል።

የወፍጮውንም ጉዳይ ሳላነሣ ላልፍ አልችልም፤ ምናልባት ከመኪናው ይልቅ ለብዙ ሰው የሚቀርበው እርሱ ነውና። በየገጠር ከተማው ያለው የወፍጮ ሞተር በቺንጋና በፑሌጃ ድንጋዩን ያዞራል፤ የፑሌጃዎቹ ስፋት እርስ በርሱ ያለው ልክ የትንሹ መኪና ፒኞንና ማርሽ ያለው ልክ ማለት ነው። ይህ ዓይነት ሞተር ጉልበቱ ከቮልቴጁ ጋር የተያያዘው ቮልቴጁ በራሱ በተባዛ ልክ ነው፤ እንግዲህ በረጅም መስመር ጫፍ ላይ ባለ መንደር ቮልቴጁ በ10 በመቶ ቢወርድ፣ የሞተሩ ጉልበት ወደ 81 በመቶ ይወርዳል። ባለ ወፍጮው ግን እህሉን እንደ ተለመደው ያፈስሳል፤ ሞተሩም ዙሩ እየወረደ፣ አምፔሩ እየበዛ፣ በመጨረሻ የሽቦው ቀለም ነዶ ይጨሳል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሞተሩ ተፈትቶ ለጥቅለላ ወደ ሩቅ ከተማ ይላካል፣ እናቶች እህላቸውን በጀርባቸው ተሸክመው ሌላ ወፍጮ ፍለጋ ይሄዳሉ። አንዳንድ ጊዜም የሚጠቀልለው ሰው የቀድሞውን የሽቦ ዙር ሳይቆጥር ወይም የሽቦውን ውፍረት ሳይለካ ባገኘው ሽቦ ጠቅልሎ ይመልሰዋል፤ ይህም የሞተሩን ባሕርይ ለውጦ በአጭር ጊዜ ዳግመኛ እንዲቃጠል ያደርገዋል። የ17.5 እና የ13.5ን ልዩነት በትንሹ ሞተር ላይ የተማረ ወጣት ይህን ስሕተት አይሠራም ብዬ አምናለሁ።

በዚህ ጊዜ፣ በልጆች ረሃብ በሚታወስ አገር ውስጥ የእሽቅድምድም መኪና ምን ይሠራል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ፤ ተቃውሞውም ከቅን ልብ የሚመጣ ስለሆነ በክብር ሊመለስለት ይገባል። በ1977 ዓ.ም. ከነበረው ድርቅ ወዲህ የሰቆጣና የኮረም ስም በዓለም ጋዜጦች የተነሣው ከራብ ጋር ነው፤ በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት የገባው ቃልም የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሎ በዚህች ከተማ ስም ተጠራ። ከዚያም በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የመብራቱ መስመር ተቋርጦ፣ ሕዝቡ በጨለማ ሆኖ ሌላ መከራ ተቀበለ። ይህን ሁሉ ያየ ሰው ስለ መኪና ጨዋታ መናገር እንዴት ያስችለዋል ቢባል፣ መልሴ ይህ ነው፤ የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ከፍ ብሎ በ2002 ዓ.ም. ሲመረቅ 300 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነበር፣ ውኃውም እስከ ዋግ ኽምራ ቆላዎች ተኝቷል፤ ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ የተነገረለት አቅም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ይህ ኃይል ወደ ዳቦ፣ ወደ መስኖ ውኃ፣ ወደ ተፈጨ እህልና ወደ ጤና ጣቢያ የሚለወጠው በሞተር አማካይነት ነው። ሞተርን መምረጥ፣ ማስተካከልና መጠገን የሚችል ሰው በአገሩ ከሌለ፣ መብራቱ ቢመጣም የሚገዛው ዕቃ ሁሉ በጥቂት ዓመት ውስጥ የተቃጠለ ብረት ሆኖ በየግቢው ይከመራል፤ ራብንም የሚያባብሰው ይህ ብክነት ነው።

ዋግ ለእጅ ጥበብ እንግዳ ነው የሚለኝም ካለ፣ ከሰቆጣ ብዙ ሳይርቅ ከዐለት ተፈልፍሎ የቆመውን ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስን ሄዶ ይመልከት። በዐለት ላይ የሚሠራ ጠራቢ ያጠፋውን መልሶ ሊለጥፍ አይችልም፤ ልክ ማወቅ ለዚህ ሕዝብ የአባቶቹ ርስት ነው።

መብራት በሌለበት ቀን ምን ይደረጋል ቢባል፣ የትንሹ መኪና ባትሪ የሚይዘው 37 ዋት ሰዓት ያህል ብቻ ስለሆነ፣ 50 ዋት የምታመነጭ ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ በጥሩ ፀሐይ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ትሞላዋለች፤ ፀሐይ ደግሞ ዋግ የሚቸግራት ነገር አይደለም። ለእነዚህ ባትሪዎች ግን ብርቱ ጥንቃቄ ያሻል፤ የተወጋ ወይም ያበጠ የሊቲየም ባትሪ በቅጽበት እሳት ሊሆን ስለሚችል፣ ሲሞላ ሰው ከአጠገቡ እንዳይለይ፣ የሚሞላውም በሸክላ ወይም በብረት ዕቃ ውስጥ ተቀምጦ እንዲሆን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሥርዓት ሊበጅለት ይገባል።

ስለዚህ ለዞኑ የትምህርት መምሪያና ለቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች የማቀርበው አሳብ እንዲህ ያለ ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምሕንድስናና የሒሳብ (ስቴም) ማዕከል ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተግባር ትምህርት ሲሰጥ ቆይቷል፤ ያንን መንገድ ወደ ሰቆጣ፣ ወደ አምደ ወርቅ፣ ወደ አስከተማና ወደ ጽጽቃ በትንሹ ማምጣት ይቻላል። ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ ዓይነት 17.5 ሞተር ያላቸው ጥቂት መኪናዎች፣ የፒኞን ስብስብ፣ አንድ የሙቀት መለኪያና አንድ አምፔር መለኪያ በቂ ነው። የውድድሩ ሕግ ግን ከውጭ እንደ መጣ አይወሰድ፤ ለአገሩ ይመጠን። እኔ ብጠየቅ፣ መኪናው አንድ ኪሎ ጤፍ በትንሽ ጋሪ ጎትቶ በተወሰነ አቀበት ላይ እንዲወጣና እንዲወርድ አደርጋለሁ፤ አሸናፊውም ፈጥኖ የደረሰ ብቻ ሳይሆን፣ ሲደርስ ሞተሩ ከ70 ዲግሪ ያልበለጠና ከባትሪው ያነሰ ኃይል ያጠፋ ይሁን። ሞተሩ ከልክ ያለፈ ተወዳዳሪ የቱንም ያህል ቢቀድም ሽልማት አይቀበል። የማርሹን፣ የታይሚንጉንና የሙቀቱን ልክ የጻፈበትን ደብተር ያላቀረበም እንዲሁ።

ትምህርቱ በየቋንቋው ይሁን። በዋግ ልጆች በመጀመሪያ ደረጃ በኽምጣጛ ይማራሉ፤ ስለ ፒኞን፣ ስለ ኩሽኔታና ስለ አምፔር የሚናገር ጽሑፍ ግን የሚደርሳቸው በእንግሊዝኛ ወይም በቻይንኛ በታተመ ወረቀት ነው። መምህራኑ በአማርኛና በኽምጣጛ ያዘጋጁት የጥቂት ገጽ መመሪያ፣ ሥዕልና ቁጥር ተጨምሮበት፣ ከማንኛውም ውድ መሣሪያ ይልቅ ይጠቅማል፤ ቃላቱንም መካኒኮቹ ራሳቸው በየጋራዡ ከሚጠሩበት ስም መውሰድ እንጂ ከመዝገበ ቃላት መፍጠር አያስፈልግም።

ተሽከርካሪና ሞተር ለሚያስመጡ ነጋዴዎችና ዕቃውን መርምረው ለሚያሳልፉ መሥሪያ ቤቶችም የምለው አለኝ። ማንኛውም የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ በዋግ ወይም በሌላ የደጋ አገር ሲሸጥ፣ ከፍተኛው ፍጥነት በተጻፈበት ፊደል መጠን አራት ነገሮች ይጻፉበት፤ ሞተሩ ያለማቋረጥ የሚሰጠው ኃይል በኪሎ ዋት፣ ጠቅላላው የማርሽ ልክ፣ ከሙሉ ጭነቱ ጋር ሳይቆም የሚወጣው ትልቁ አቀበት ከነፍጥነቱ፣ እንዲሁም ቁጥሩ የተለካበት ከፍታ። የወፍጮ ሞተርም ከሆነ፣ የተለጠፈበት ጽሑፍ ቢጠፋ እንኳ የሚጠቀልለው ሰው እንዳይሳሳት፣ የሽቦው ዙርና ውፍረት በቆርቆሮው ላይ ተቀርጾ ይጻፍ።